ደሴ ላይ ለልጃችሁ አስጠኚ ለምትፈልጉ

ይሄን የምጽፈው አንዲት እህታችንን ለማመስገን ነው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ደሴ ውስጥ ቤት ለቤት እየሄደች ታስጠናለች።

ልጄ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሷል። ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደብተር ማየት ጠላ። "እናንብብ" ሲባል ውሃ ይጠማዋል፣ ሽንቱ ይመጣል፣ ሆዱን ያመዋል።

እሷ መጀመሪያ የመጣች ቀን ደብተር አላስወጣችም። የብይ ጨዋታ እንዲያስረዳት ጠየቀችው። አስረዳት። የተናገረውን በትልልቁ ጻፈችና "ያልከው ይኸው፣ አንብብልኝ" አለችው። የራሱ ቃል ስለሆነ እየገመተም ቢሆን አነበበው።

ፊደል ያስያዘችበት መንገድ ደግሞ በጣም ገርሞኛል። 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ ገበታውን ሲያይ ይጨንቀዋል። እሷ ለን፣ በን እና ሰን ብቻ አወጣች። "ካዕቡ ላይ ምን ተጨመረ? ሣልሱስ?" ትለዋለች። ሉ፣ ቡ፣ ሱ። ሊ፣ ቢ፣ ሲ። ቅጥያው የት እንደሚገባ ራሱ ደረሰበት። የሸን ካዕብና ሣልስ ማንም ሳያሳየው ጻፈ! ሳድሱ መልኩ ስለሚለያይ ለመጨረሻ አቆየችለት።

ሁልጊዜ "ከሒሳብ እንጀምር ከንባብ?" ብላ ታስመርጠዋለች። አልማርም ማለት ምርጫው ውስጥ የለም፤ በምን እንደሚጀመር ግን የሚወስነው እሱ ነው። 15 ደቂቃ ያህል ሠርተው ይነሳሉ። ሲሳሳት "አብሽር" ትለውና ላጲሱን ታቀብለዋለች፤ እሷ አታርምለትም። በከረሜላም አታባብለውም። ይሄን ወድጄላታለሁ፤ ለከረሜላ ብሎ የተቀመጠ ልጅ ከረሜላው ሲያልቅ ይነሳል።

ለእኛም ሥራ ሰጥታናለች። ቡና ሲፈላ "ስንት ሰው አለ? ስንት ስኒ ይጎድላል?" በሉት አለችን። አሁን ጎረቤቱን ቆጥሮ ስኒ የሚደረድረው እሱ ነው። ፒያሳ ስንሄድ የሱቅ ታፔላ ሳያነብ አያልፍም። ረዘም ያለ ጽሑፍ አሁንም ፊቱን ያስጠቁረዋል፤ ደብተሩን ግን ሳይለመን ያወጣል።

እህቴ፣ ድካምሽን ቤተሰቡ ሁሉ አይቷል። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ።

ቧንቧ ውሃ፣ ሆጤና ፒያሳ አካባቢ ያላችሁ፣ ከሰዓት በኋላ ጊዜ አላት። ክፍያው በንግግር ነው፤ አትጎዳችሁም። ስታስጠና ከቤተሰቡ አንድ ትልቅ ሰው ቤት ውስጥ እንዲኖር ትፈልጋለች፤ ይሄን አስቀድማችሁ አመቻቹ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሷን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ።