ቺፑዱ ነው ጉድ የሠራኝ፦ እቤት የሠራሁት ሶላር ከ10 ወር በኋላ

ሐምሌ አጋማሽ ላይ እማዬ ልብስ እያሰጣች ጠራችኝ። «አንተ፣ ያ መስታወትህ አልቦታል!» ማድ ቤቱ ጣሪያ ላይ ወጥቼ አየሁት። እውነትም ጉም ለብሷል። በእጅጌዬ ብጠርገው አይጠረግም። ጤዛው ያለው ከውስጥ ነው።

ፓኔሉን የሠራሁት ኅዳር ላይ ነበር። ከፀሐይ ብርሃን ኤሌክትሪክ የሚያመነጩትን ሴሎች የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ በሻንጣው ይዞልኝ መጣ። 40 ነበሩ። 3ቱ ተሰብረው ደረሱ፣ አንዱን እኔው ስበይድ ሰበርኩት። ቀሩ 36፤ የሚያስፈልገኝም ልክ 36 ነበር። ሴል ማለት ውፍረቱ ሁለት ወረቀት ቢደራረብ የሚያክል ነገር ነው። ትንሽ ጫን ካሉት እንደ ድርቆሽ ይፈረካከሳል። ያቺን ሴል ከሰበርኩ በኋላ እስክጨርስ ድረስ ትንፋሼን ይዤ ነው የሠራሁት።

እያንዳንዱ ሴል የሚሰጠው ግማሽ ቮልት ገደማ ነው። የአንዱን ፊት ከቀጣዩ ጀርባ ጋር በቀጭን የመዳብ ሪባን እያያያዙ 36ቱን ሲደረድሯቸው 18 ቮልት ይሆናል። ለ12 ቮልት ባትሪ 18 ምን ያደርጋል የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ባትሪው ሊሞላ ሲል ከ14 በላይ ይፈልጋል። ፓኔሉ ደግሞ ፀሐይ ላይ ሲግል ቮልቴጁ ይወርዳል። ትርፉ ለዚያ ነው።

መስታወቱንና የአልሙኒየም ፍሬሙን ከምናለሽ ተራ ገዛሁ። ለጀርባው ግን ቺፑድ አደረግሁ። አናጺው «ሁለት ጊዜ ቀለም ቀባው፣ ውሃ አያውቀውም» አለኝ። አመንኩት። ዳር ዳሩን በሲልኮን ደፈንኩና ሰቀልኩት።

እስከ ሰኔ ያለ ችግር ሠራ። መብራት ሲጠፋ ሁለት አምፖል፣ ዋይፋይና ስልክ ይችላል። ስለዚያ ብዙ የምለው የለኝም።

ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ግን ባትሪው አልሞላ አለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ደመናውን ረገምኩ። ክረምት ነው፣ ምን ይደረግ እያልኩ። እማዬ ላቡን ካየችልኝ በኋላ ነው ቴስተር ይዤ የወጣሁት። 19 ቮልት አሳየኝ። ደስ አለኝ። አምፖል ሳገናኝበት ግን ወደ 2 ወረደ! ለካ ዝም ብሎ ቆሞ ሲለካ ጀግና ነው፤ ሥራ ሲሰጡት ነው የሚተኛው። እንዲህ ሲሆን አንድ ቦታ ላይ ብየዳው ለቋል ማለት ነው።

ሲልኮኑን በምላጭ ቆርጬ መስታወቱን አነሳሁ። አምፖሉ እንደተገናኘ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ለካሁ። ደህና መገጣጠሚያ ላይ ቴስተሩ ምንም ማለት የለበትም። 22ኛውና 23ኛው ሴል መሐል ስደርስ 16 ቮልት አለኝ። የ36ቱ ልፋት በሙሉ እዚያች ጥፍር በማታክል ቦታ ላይ ቀርቷል። ሪባኑ አረንጓዴ ዝገት አብቅሏል፤ በጣቴ ነካ ሳደርገው ተነሣ።

ከሥሩ ያለው ቺፑድ አብጧል። ጥግ ላይ ስጫነው እንደ ረጠበ ዳቦ ገባ። ፋብሪካ ሴሉን ከመስታወቱ ጋር በፕላስቲክ አጣብቆ በሙቀት ያሽገዋል፤ መሐሉ ላይ አየር የለም። የእኔ ግን ሣጥን ነው። ቺፑዱ ዝናቡን ይጠጣል፣ ቀን ሲሞቅ ይተፋዋል፣ ማታ ሲበርድ መስታወቱ ላይ ጤዛ ይሆናል። ጥፋቱን ሁሉ አናጺው ላይ ግን አልጭንም። ስበይድ ብየዳው እንዲይዝልኝ የቀባሁትን ፍላክስ የሚባል ቅባት በአልኮል መጥረግ ነበረብኝ። ሰነፍኩ። የቀረ ፍላክስ እርጥበት ሲያገኝ መዳብ ይበላል።

ሲኒማ ራስ አካባቢ ያለው የፋብሪካ ፓኔል ሻጭ አሁን በሐሳቤ ይስቅብኛል። «ወንድሜ፣ ነግሬህ ነበር፤ የተሠራውን ብትወስድ አርፈህ ትተኛ ነበር።» እሺ፣ ልክ ነህ። ወጪውን ደምሬው አላውቅም፤ ሆን ብዬ ነው ያልደመርኩት። ግን ያንተ ፓኔል አንድ ቦታ ቢበላሽ ምን ላደርገው ነው? መክፈት አይቻልም። የእኔን ከፈትኩት፣ በሽታውን አገኘሁት፣ ከ1 ሰዓት ባነሰ ጊዜ መልሼ በየድኩት። ይኸን ስታወራ አልሰማሁህም።

ቺፑዱን መቀየር አልቻልኩም። ሴሎቹን በሲልኮን ጠብታ አጣብቄያቸዋለሁ፤ ልንቀል ብል ድርቆሽ ነው የሚሆኑት። ከታች በኩል እርጥበቱ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች በስቼ መለስኩት። ከዚያ ወዲህ ባትሪው እየሞላ ነው። እማዬ ግን ጠዋት ጠዋት ቀና ብላ መስታወቱን ሳታይ ቡና አታፈላም።

የአክስቴ ልጅ ለገና ይመጣል። ምን ላምጣልህ ብሎ ደውሎ ነበር። ሌላ 40 ሴል አልኩት። ለጀርባው የሚሆን መስታወት ከአሁኑ ገዝቼ አልጋ ሥር አስቀምጫለሁ።