ወፏ ስንት ሜትር ላይ ናት? ለጓሮ ወፍ ምን ይገዛል?

ካሜራ ለመግዛት ያሰበ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ «ስንት ሜጋፒክስል ይሻላል?» ብሎ ነው። እኔ የምመልሰው በጥያቄ ነው፦ ወፏ ስንት ሜትር ላይ ናት? ባሕር ዳር ውስጥ፣ በተለይ ለሐይቁ በሚቀርቡት ሰፈሮች፣ ግቢው አንድ ማንጎ ወይም አንድ ዋንዛ ካለው ወፍ አይጠፋም። የሚቸግረው ማቅረቡ ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። ከምንቃሯ እስከ ጭራዋ ጫፍ 12 ሳንቲሜትር የምትሆን ወፍ እንውሰድ። ተራ የእጅ ስልክ 30 ሳንቲሜትር ላይ ቢቀመጥ ወፏ የፎቶውን ወርድ አንድ ሦስተኛ ግድም ትይዛለች። 250 ሚሊሜትር ሌንስ (ቁጥሩ ሲጨምር የበለጠ ያቀርባል) የተገጠመለት መለስተኛ ካኖን ካሜራ ይህንኑ አንድ ሦስተኛ የሚሰጠው ከ4 ሜትር ነው። ባለ 600 ሚሊሜትሩ ትልቅ ሌንስ ከ10 ሜትር ግድም፣ 83 እጥፍ የሚያቀርበው ኒኮን ኩልፒክስ ፒ900 ደግሞ ከ20 ሜትር ይሰጠዋል። አራቱም ወፏን በእኩል መጠን ያሳያሉ። ልዩነቱ ገዢው ለርቀቱ የሚከፍለው ገንዘብ ነው። ወፏን ከ20 ሜትር ወደ 4 ሜትር ማምጣት የቻለ ሰው ከግዢው ግማሹን ጨርሷል ማለት ነው፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ዕቃ ደግሞ ከቅዳሜ ገበያ አያልፍም።

የብር ዋጋ አልጠቅስም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የካሜራ ዋጋ ጽፎ ማስቀመጥ ነገ ለመሳሳት መቸኮል ነው። የትኛው ከየትኛው እንደሚረክስ ግን እናገራለሁ።

ውኃ ወይስ እህል?

ከሁለቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ያለ ማመንታት ውኃ። እህል የሚያመጣው እህል በሊታውን ነው፤ ውኃ ግን ሁሉንም ይጠራል። ፍራፍሬ የሚለቅመው፣ ትል የሚያሳድደው፣ አበባ የምትመጠው፣ ከአውሮፓ ብርድ ሸሽቶ የመጣው ጭራውን የሚወዘውዘው ወፍ ሳይቀር ይጠጣል፣ ይታጠባል። «ሐይቁ እዚህ እያለ ማን ጓሮ ይመጣል?» የሚለኝ ሰው አለ። ሐይቁ ዳር ግን ጭልፊት አለ፣ ማዕበል አለ፣ ለትንሽ ወፍ እግር የሚሆን ጥልቀት የሌለው ጸጥ ያለ ጥግ እንደልብ አይገኝም። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ደረቅ ወቅት ጓሮ ውስጥ የተቀመጠ ውኃ ያለው ጉልበት ያስገርማል።

የውኃ መያዣውን ስናወዳድር የፕላስቲክ ሳፋ የመጨረሻውን ደረጃ ይይዛል፤ ጥልቅ ነው፣ ያንሸራትታል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ውኃው ይፈላል። የሸክላ ጣባ ይሻላል፤ ጠርዙ ሻካራ ስለሆነ ወፍ ይቆምበታል፣ ሸክላው ውኃውን ያቀዘቅዛል፣ ነገር ግን ጠባብ ነው፤ ሁለት ወፎች ከመጡ ይጣላሉ። እኔ የምጠቀመው እናቴ ከጠርዙ ስለተሸረፈ የተወችውን የእንጀራ ምጣድ ነው። ሰፊና ጠፍጣፋ ነው፤ ውኃው ከሁለት ጣት ውፍረት አይበልጥም። እንጀራ ሲጋገርበት የኖረ ፊቱ ግን እንደ መስታወት የለሰለሰ ስለሆነ የመጀመሪያ ቀን የመጣች አንዲት ድንቢጥ እግሯ ከድቷት በደረቷ ስትንሸራተት አይቻለሁ። ከወንዝ ያመጣኋቸውን አምስት ድንጋዮች ካስቀመጥኩ በኋላ ነገሩ ተስተካከለ። አሁን መጀመሪያ ድንጋዩ ላይ ያርፋሉ፣ ግራ ቀኝ ያያሉ፣ ከዚያ ይገባሉ። ፎቶው የሚነሣውም ያኔ ነው።

ሁለት ነገር ግን በቸልታ አይታለፍም። ባሕር ዳር ወባ ያለበት ከተማ ነው፤ የቆመ ውኃ ትንኝ ያራባል። በየቀኑ፣ ቢዘገይ በሁለት ቀን አንዴ ተደፍቶ ይታጠብ፤ ይህን የማያደርግ ሰው ምጣዱን ባያስቀምጥ ይሻላል። ሁለተኛው ድመት ነው። ምጣዱ ከቁጥቋጦ ሁለት ሦስት ሜትር ይራቅ፣ በድንጋይ ወይም በጉቶ ከመሬት ከፍ ይበል። ከዚያ ቀርቦ ከተቀመጠ አድፍጣ ለምትጠብቅ ድመት ምሳ ማቅረብ ነው።

እህሉን በተመለከተ፣ ከውጭ የሚመጣው የታሸገ «የወፍ ምግብ» አያስፈልግም። የሱፍ ፍሬ የሚበዛበት ስለሆነ ለእኛ ትናንሽ ምንቃሮች ይከብዳል። ዳጉሳ ይሻላል። ጓሮ ውስጥ የሚመላለሱት እሳት የመሰለችው ቀይ ትንሽ ወፍና ጉንጩ ቀይ ሆዱ ሰማያዊ የሆነው ጓደኛዋ ከዳጉሳ የተሻለ የሚወዱት የለም። በቆሎ ቢበተን ዋኖስና እርግብ ይሰፍሩበታል፤ ሌላው ዳር ቆሞ ይመለከታል። ዳቦና ጨው የነካው ትራፊ ይቅር፤ የሻገተ እህልም እንዲሁ፣ ሻጋታው ወፍ ይገድላል።

እህል በተወደደበት ዘመን ዳጉሳ መግዛት የሚከብደው ሰው ይኖራል፤ እኔንም ይከብደኛል። ስለዚህ አልገዛም። እናቴ ስትነፋ የሚወጣውን ግርድ አጠራቅማለሁ። ያረጀ ሰፌድ በሦስት ገመድ ከማንጎው ቅርንጫፍ ላይ አንጠልጥዬ እዚያ ላይ እበትናለሁ። ሰፌዱ ዝናብ ከነካው በኋላ ስለሚበሰብስ የክረምት ዕቃ አይደለም። ክረምት ላይ ደግሞ እህል ማቅረብ ትርጉም የለውም፤ ዱሩ ራሱ ጠግቦ ነው የሚያድረው፤ ቢጫው ጎጆ ሠሪ ጎጆውን ሲሠራ እህልህን ዞር ብሎ አያይም።

ፍራፍሬም ሳይረሳ ይጠቀስ። ለሁለት የተገመሰ፣ ከመብሰል ያለፈ ፓፓያ ቅርንጫፍ ላይ ሲሰካ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ እንደ አይጥ የሚሽሎከለከለው ባለ ረጅም ጭራ ወፍ ዘመዶቹን ሁሉ ይዞ ይመጣል። ጦጣም ይመጣል። ስለ ጦጣ የምመክረው ነገር የለኝም።

የስኳር ጠርሙስ ወይስ ተክል?

ውጭ አገር ያለ ዘመዴ የላከልኝ ቀይ የፕላስቲክ ጠርሙስ አለ፤ የስኳር ውኃ ተሞልቶ የሚንጠለጠል። በሦስት ቀን ውስጥ የጉንዳን መንገድ ሆነ። ጥፋቱ የጠርሙሱ ብቻ አይደለም። የተሠራው አየር ላይ እየተንሳፈፉ አበባ ለሚመጥጡ የአሜሪካ ወፎች ነው፤ የእኛዎቹ ባለ ቆልማማ ምንቃር የአበባ ወፎች ደግሞ በአብዛኛው የሚመጥጡት ቆመው፣ ቅርንጫፍ ጨብጠው ነው። መቆሚያ ከሌለው ጠርሙስ ጋር ጉዳይ የላቸውም። መቆሚያ ያለውን ያገኘ ሰው አንድ እጅ ስኳር በአራት እጅ ውኃ ይበጥብጥ፣ ቀለምና ማር አይጨምር፣ በየሁለት ቀኑ ይጠበው።

እኔ ግን ገንዘቡን ለችግኝ አደርገው ነበር። ራስ ክምር፣ እሬት፣ የግቢ ሙዝ። ብርቱካናማው የራስ ክምር አበባ ሲፈነዳ ወንዱ የአበባ ወፍ በላዩ ላይ ሲያበራ ለማየት ጠርሙስ ማጠብ አያስፈልግም። ተክል ማጽዳት አይጠይቅም፣ በፎቶም ላይ ፕላስቲክ አይታይም። ጉዳቱ መዘግየቱ ነው፤ ዛሬ ተክሎ ነገ ፎቶ የለም።

ስልክ፣ ረጅም ዙም ወይስ ሌንሱ የሚቀየር ካሜራ?

ስልክ ከእጅ ላይ ሆኖ በ4 ሜትር ወፍ ሲያነሣ የሚያስቀረው ነጥብ ነው። ጣት አስፍቶ ማቅረብም ነጥቡን ያሰፋዋል እንጂ ወፍ አያደርገውም። ስልኩን ራሱን ወደ ምጣዱ ማስጠጋት ግን ይቻላል። ጡብ ላይ አስደግፎ፣ ከድንጋዩ 30 ሳንቲሜትር አርቆ፣ ቪዲዮ ከፍቶ ወደ ቤት መግባት። ወፎቹ አዲስ ነገር ስለሚፈሩ መጀመሪያ ስልኩን የሚያህል እንጨት ለሁለት ቀን እዚያው ይቀመጥ፤ ከለመዱት በኋላ እንጨቱ በስልኩ ይተካ። ከ4ኬ ቪዲዮ ላይ የሚመረጥ አንድ ምስል 8 ሜጋፒክስል ግድም ነው፤ አጥቦ ለመስቀል ይበቃል። ወጪው አንድ ጡብ ነው። ጦጣ የሚመላለስበት ግቢ ግን ይህን አይሞክር።

ረጅም ዙም ያላቸው፣ ሌንሳቸው የማይወልቅ ካሜራዎች ለሐይቁ ዳር ሰው የተሠሩ ናቸው እላለሁ። በእ.ኤ.አ. 2015 የወጣው ፒ900 የ2000 ሚሊሜትር ሌንስ ያህል ያቀርባል፤ በ2018 የተከተለው ፒ1000 እስከ 3000 ይደርሳል፣ ክብደቱ ግን 1.4 ኪሎ ነው። ካኖን ኤስኤክስ70 65 እጥፍ ብቻ ቢያቀርብም ከሁለቱም ቀላል ነው። ደንገሉ ጫፍ ላይ የተቀመጠውን ጥቁርና ነጭ ዓሣ አጥማጅ፣ ደረቅ ዛፍ ላይ የሚጮኸውን ነጭ ራስ ንስር፣ ከታንኳ ጎን የሚንሳፈፈውን ፔሊካን ለማንሣት በዋጋ የሚስተካከላቸው የለም። ድክመታቸው ሦስት ነው። ሴንሰራቸው፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው ክፍላቸው፣ የጣት ጥፍር ስለሚያህል ደመና ሲሆን ወይም ዛፍ ጥላ ሥር ሲገባ ምስሉ አሸዋ ይለብሳል። የሚበር ወፍ መከተል ይቸግራቸዋል። ሦስተኛው ለጓሮ ሰው ዋናው ነው፦ ፒ900 እስከ ጫፉ ተስቦ ከ5 ሜትር በታች ያለውን ነገር አያጠራም። ምጣዱን መስኮት ሥር ያስጠጋ ሰው ይህን ካሜራ ቢገዛ ከጉልበቱ ግማሹን አይጠቀምበትም። በዚያ ላይ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ የሐይቁ አየር መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ 3000 ሚሊሜትርም መንቀጥቀጡን ያቀርበዋል እንጂ አያስቀረውም።

ምጣዱ 4 ሜትር ላይ ከሆነ እኔ የምመርጠው ያገለገለ መለስተኛ ካኖንና 55–250 ሚሊሜትር ሌንስ ነው። ሴንሰሩ በስፋት ከዙሙ ካሜራ አሥር እጥፍ ይበልጣል። ማለዳ፣ ብርሃኑ ገና ለስላሳ ሳለ፣ የሰከንድ አንድ ሺኛ ፍጥነት ይሰጣል፤ ከላባዋ የሚረጨው ውኃ ጠብታ ጠብታ ሆኖ ይታያል፣ ከኋላ ያለው አጥር ይደበዝዛል። ሻጮች «ይህኛው የበለጠ ያቀርባል» እያሉ 75–300 የሚለውን ሌንስ ያቀርባሉ። የተለመደው የካኖን 75–300 የእጅ መንቀጥቀጥ መከላከያ የለውም፤ 55–250 አለው። ጎድሎ የሚታየው 50 ሚሊሜትር አያታልል።

የታምሮንና የሲግማ 150–600 ሌንሶች ሁለት ኪሎ ግድም ይመዝናሉ፣ ዋጋቸውም ከካሜራው ይበልጣል። ዋርካው አናት ላይ ምንቃር በምንቃር የደረበ የሚመስለውን ትልቅ ወፍ ለሚያሳድድ ሰው ይሁኑለት። ለጓሮ ብቻ ከሆነ አላስፈላጊ ናቸው።

ማየት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ባይኖኩላር ይበቃዋል፤ 8×42 የተጻፈበትን ይግዛ፤ 8ቱ ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ 42ቱ የፊት መስታወቱን ስፋት በሚሊሜትር ይናገራል። 10×25 ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ማለዳ ግን ጨለማ ነው፦ ወደ ዓይን የሚያሳልፈው የብርሃን ክብ 2.5 ሚሊሜትር ሲሆን የ8×42 ከ5 ሚሊሜትር ይበልጣል። ከዚህ አልፎ ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር ተጽፎበት መንገድ ላይ የሚሸጠውን እጅ ባይነኩት ይሻላል።

ያገለገለ ሌንስ ሲገዛ

ከከተማችን እርጥበት የተነሣ የሌንስ ትልቁ ጠላት ሻጋታ ነው። የመጀመሪያውን ሌንሴን የገዛሁት ከአንድ ነጋዴ ጥላ ሥር ቆሜ፣ መስታወቱን በሸሚዜ ጠርጌ፣ «ንጹሕ ነው» ብዬ ነበር። ቤት ገብቼ በአንድ በኩል የስልክ መብራት አብርቼ በሌላው በኩል ሳይ ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ነጭ ክር ሸፍኖታል። ነጋዴው «አቧራ ነው» አለኝ። አቧራ ቅርንጫፍ አያወጣም። አሁን ሌንስ ልገዛ ስሄድ ትንሽ ባትሪ መብራት ኪሴ ውስጥ አለ፤ ዋጋ ከመጠየቄ በፊት ሌንሱን ከፊትም ከኋላም አበራበታለሁ፣ ሻጩ ሲቆጣ ሳልከራከር እመልስለታለሁ።