ለመስኮት መዝጊያ የትኛው እንጨት? ሴዳር፣ ቲክ፣ ፓይን፣ ባስውድ ወይስ ኤምዲኤፍ

የእንጨት የመስኮት መዝጊያ ሊያሠራ ወይም ሊገዛ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የቱ እንጨት ይሻላል?» ብሎ ነው። ሻጩም ደስ ብሎት ውዱን ያሳየዋል። እኔ ብሆን ከእንጨቱ ስም በፊት ሌላ ነገር እጠይቃለሁ። መዝጊያው የሚሰቀለው ከመስታወቱ ውጭ ነው ወይስ ውስጥ? ውጭ ያለው ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ይኖራል። የውስጡ ጠላት ግን የራሱ ክብደትና በየቀኑ የሚከፍት የሚዘጋው እጅ ነው። ለአንዱ ምርጥ የሆነው ለሌላው ብክነት ነው።

ከውጭው እንጀምር፤ ስህተት ኪስ የሚጎዳው እዚያ ነውና።

ዝናብ ለሚያገኘው

እንጨት ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይጠባል። በቁመቱ ብዙም ለውጥ የለውም፤ የሚሰፋና የሚጠበው በጎኑ ነው። ከዛፍ ዛፍ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ገና እንደተቆረጠ ካለበት እርጥበት ፈጽሞ እስኪደርቅ ድረስ ቀይ ሴዳር ከስፋቱ 5 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ቲክ የሚባለው የእስያ ጠንካራ እንጨት 6 በመቶ ገደማ፣ ባስውድ የሚባለው ቀለል ያለ የሰሜን አሜሪካ እንጨት ደግሞ 9 በመቶ አካባቢ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ግን በመዝጊያውና በመስኮቱ ክፈፍ መካከል ያለው ክፍተትም ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። ብዙ የሚያብጥ እንጨት ዝናብ በመጣ ቁጥር አልከፈት ይላል፤ በትከሻ መግፋት ነው እንግዲህ።

ሴዳር ስል ዝግባ ማለቴ አይደለም። የሰሜን አሜሪካው ቀይ ሴዳር በስም እንጂ በዘር ከሊባኖሱ ዝግባ ጋር አይገናኝም፤ ዝምድናው ይልቅ ከጥድ ጋር ነው። እሱና ቲክ ሁለቱም በውስጣቸው ባለው የተፈጥሮ ኬሚካል ምክንያት መበስበስን ይቋቋማሉ። ይህ የሚሠራው ግን ለግንዱ ውስጠኛ፣ ጠቆር ላለው ክፍል ብቻ ነው። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነጣ ያለው ክፍል የቲክም ቢሆን ይበሰብሳል። ስለዚህ «ንጹሕ ቲክ ነው» ሲሏችሁ ጣውላውን ገልብጣችሁ ጠርዙን እዩ። ነጭ መስመር ካለበት፣ የቲክ ዋጋ ከፍላችሁ የቲክን ዕድሜ አታገኙም።

ሁለቱን የሚለያቸው ክብደት ነው። ቁመቱ 1.2 ሜትር፣ ስፋቱ 50 ሳንቲሜትር፣ ውፍረቱ 3 ሳንቲሜትር የሆነ ድፍን መዝጊያ አስቡ። ከሴዳር ሲሠራ 7 ኪሎ ግራም አይሞላም፤ ከቲክ ሲሠራ 12 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ለቲኩ ጠንካራ ማጠፊያና ረጅም ብሎን ያስፈልጋል፤ ግድግዳውም መቻል አለበት። በሌላ በኩል ሴዳር ለስላሳ ነው፤ ጥፍር እንኳ ምልክት ያስቀርበታል። ተራ ብረት ሲነካውም ጥቁር እንባ የመሰለ መስመር ያወርዳል፤ ብሎኑና ማጠፊያው የማይዝግ ብረት ይሁን። ቲክ ደግሞ ዘይታማ ነው። አናጺው ከማጣበቁ በፊት ገጹን በአሴቶን ካልወለወለው ኮላው በደንብ አይዝም።

የኔ ፍርድ እንዲህ ነው። መዝጊያውን ቀለም የምትቀቡት ከሆነ ሴዳር ግዙ። ቲክን ገዝቶ በቀለም መሸፈን ቀልድ ነው። የእንጨቱ መልክ እንዲታይ ከፈለጋችሁና ከጊዜ ብዛት ወደ ብርማ ግራጫ መለወጡ ካልከበዳችሁ ግን ቲክ ያምራል። ቫርኒሽ ከመቀባት ግን ዝም ብሎ መተው ይሻላል። ጥርት ያለ ቫርኒሽ ብርሃን ያሳልፋል፤ ፀሐይ ከሥሩ ያለውን እንጨት ትጎዳውና ልባሱ ይላጣል። ከዚያ ሥራው መላልሶ መፋቅና መቀባት ነው።

ማሆጋኒም ለውጭ ጥሩ ነው፤ ብዙም አይጣመምም። ችግሩ ስሙ ነው። «የፊሊፒን ማሆጋኒ» እየተባለ የሚሸጠው ፈጽሞ ሌላ ዛፍ ነው። እውነተኛው ትልቅ ቅጠል ማሆጋኒ ደግሞ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ በፈቃድ የሆነ ዛፍ ነው። በርካሽ ካገኛችሁት ጠርጥሩ።

አሁን አሁን አኮያ የሚባል አለ። ነገርዬው ፓይን የሚባለው ርካሽ ለስላሳ እንጨት ነው፤ ግን የኮምጣጤ ዘመድ በሆነ ኬሚካል ተነክሮ ጠባዩ ተለውጧል። ውኃ እንደ ድሮው አይጠጣም፣ ስለዚህ ብዙም አያብጥም። አምራቹ መሬት ሳይነካ ለሚውል እንጨት የ50 ዓመት ዋስትና ይሰጣል። ቀለምም ለረጅም ጊዜ ይይዛል፤ ሥሩ ያለው እንጨት እምብዛም አይንቀሳቀስማ። ውድ ነው፤ እሱም የማይዝግ ብረት ይፈልጋል። መሰላል አስቀርቦ መቀባት ለሚከብድበት ከፍ ያለ መስኮት ግን እኔ ያለማመንታት እሱን እመርጣለሁ።

ያልታከመ ፓይንስ? ለውጭ አልመክርም። ርካሽነቱ ያጓጓል። ግን ቅርንጫፍ ከበቀለበት ጉጥ ሙጫ እያነባ ነጩን ቀለም ቢጫ ያደርገዋል፤ በተለይ ፀሐይ በሚበረታበት ግድግዳ። መበስበስንም ብዙ አይችልም። ሌላ አማራጭ ከሌለ ፀረ-ብስባሴ መድኃኒት በግፊት የገባበትን ፈልጉ።

ቤት ውስጥ

እዚህ ሕጉ ይገለበጣል። ውጭ ብዙ ያብጣል ብለን የናቅነው ባስውድ ውስጥ ንጉሥ ነው። ሙጫ የለውም፣ ቀለም የሚያበላሽ ነገር አያወጣም፣ ገጹ ለስላሳና እኩል ነው። በመዝጊያው ክፈፍ ውስጥ የሚደረደረው ቀጫጭን ጣውላ፣ ማለትም ርብራቡ፣ ቀጥ ብሎ ይቆያል፤ የክፍል ውስጥ እርጥበት እንደ ውጭው አይዋዥቅምና። ፓውሎኒያ የሚባለው የምሥራቅ እስያ እንጨት ደግሞ ከሱም ይቀላል። ያ 12 ኪሎ ግራም ሊሆን የነበረው መዝጊያ በፓውሎኒያ 5 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። ለሰፊ መስኮት ትልቅ ነገር ነው። ግን በጣም ለስላሳ ስለሆነ ብሎን ቶሎ ይላላበታል፤ ልጆች የሚጫወቱበት ክፍል ውስጥ አላስገባውም።

ኤምዲኤፍ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ጊዜ «የእንጨት መዝጊያ» ተብሎ የሚቀርበው እሱ ነው። ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም፤ የተፈጨ እንጨት በኮላ ተጨፍልቆ ነው። አይጣመምም፣ ቀለሙ እንደ መስታወት ይወጣል፣ ዋጋውም ቀለል ይላል። ለደረቅ መኝታ ክፍል፣ ለጠባብ መስኮት ምንም አይወጣለትም። ሁለት ነውር ግን አለበት። ከቲክም የሚከብድ ስለሆነ ሰፊው መዝጊያ ከጊዜ በኋላ ወደ መሬት ያዘነብላል፤ በጠርዙ የገባ ብሎንም እንደ እንጨት አይያዝም። ሁለተኛው ውኃ ነው። እኔ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ሰቅዬ አይቼዋለሁ። የታችኛው ጠርዝ እርጥብ ዳቦ መሰለ። እንጨት ቢሆን ደርቆ ይመለስ ነበር፤ ኤምዲኤፍ አንዴ ካበጠ አበጠ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፤ «የመዝጊያው ክፈፍና ርብራቡ ከአንድ ነገር ነው የተሠሩት?» ብዙ ጊዜ ርብራቡ እንጨት፣ ክፈፉ ኤምዲኤፍ ይሆናል። ክብደቱን የሚሸከመው፣ ማጠፊያው የሚገባበትም ክፈፉ ስለሆነ፣ መልሱን የምትመዝኑት በእሱ ነው።

ለውጭ የገዛችሁት ሲመጣ ደግሞ ሳይሰቀል ገልብጡት። የእንጨቱ የተቆረጠ ጫፍ ውኃን ከገጹ በብዙ እጥፍ ፍጥነት ይመጥጣል፤ መዝጊያ ሲበሰብስ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረውም ከታችኛው ጥግ ነው። ያ ጫፍ ቀለም ካልነካው፣ ሴዳርም ይሁን ቲክ፣ ተቀብቶ እስኪመጣ ቀሪውን ሒሳብ አትክፈሉ።