የአይሱዙ ጣሪያ ላይ የገጠምኩት ኤሲ፦ ከዘጠኝ ወር በኋላ

ሸዋ ሮቢት ላይ ሽንኩርት ለመጫን ወረፋ የጠበቀ ሰው ሙቀቱን አይረሳውም። ኤፍኤስአር የሚባለው አይሱዙ የጭነት መኪና አለኝ፤ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነ ጠዋት ጋቢ ለብሼ ነው የምነሳው። ጣርማ በርን አልፈን ደብረ ሲናን ስንወርድ ጋቢው ይወልቃል። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ናት፤ እዚያ ስንቆም ጋቢናው ምጣድ ይሆናል። የመኪናው የራሱ ኤሲ ሞተር ካልተነሳ አይሠራም። ለመጠበቅ ብሎ ናፍጣ ማቃጠል ደግሞ አንጀት ያሳርራል።

የካቲት ላይ በባትሪ የሚሠራ የጣሪያ ኤሲ ገዛሁ። አሁን ኅዳር ነው።

ስመርጥ ሁለት ዓይነት ቀረበልኝ። አንዱ ግማሹ ከጋቢና ጀርባ ይታሰራል፣ ግማሹ ውስጥ ይገባል፣ በመሃል የጋዝ ቱቦ ይዘረጋል። ጣሪያ አያስቀድድም፤ ጥሩ ነገሩ ይሄ ነው። ግን ከአስፋልት ወጥቼ ወደ ማሳ የምገባበት መንገድ እንዴት እንደሚያንገጫግጭ አውቃለሁ። የቱቦው መጋጠሚያ ይላላል ብዬ ፈራሁ። ሌላው አንድ ወጥ ሆኖ ጣሪያ ላይ የሚቀመጥ ነው፤ ጋዙ ከፋብሪካ ታሽጎ ይመጣል። እሱን ወሰድኩ። እስከ ዛሬ ጋዝ አላስሞላሁም። ስትገዙ ቮልቱን እዩ። የቤት መኪና 12 ነው፤ የእኔ ሁለት ባትሪ ተያይዞ 24 ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ስለ ሽቦው ልንገራችሁ። ኤሲው በሙሉ ኃይሉ 40 አምፔር ይስባል። የገጠመልኝ ልጅ መጀመሪያ ያመጣው 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ነበር። ከባትሪ እስከ ጣሪያ ደርሶ መልስ 10 ሜትር ይሆናል። በዚያ ቀጭን ሽቦ ወደ 2 ቮልት የሚጠጋ መንገድ ላይ ይጠፋል። ባትሪው ገና ሳይነካ ኤሲው ያለቀ መስሎት ይዘጋል፤ ሽቦውም ይግላል። እምቢ ብዬ ባለ 16 ገዛሁ። ብክነቱ ከግማሽ ቮልት በታች ሆነ። ፊውዙን ባትሪው አጠገብ አስደረግኩ። ሽቦው ተልጦ ሻሲ ቢነካ ጣሪያ ላይ ያለ ፊውዝ ምንም አያድንም። አይሱዙ ደግሞ ጋቢናው ወደ ፊት ይገለበጣል። እዚያ ጋ ሽቦው ትርፍ ካልተተወለት ይበጠሳል።

ያበሳጨኝ የጣሪያው ሥራ ነው። የተቆረጠውን ላሜራ ጠርዝ ፀረ ዝገት ሳይቀቡ ገጠሙት። አራቱን ቡሎን ሲያጠብቁም አንዱን ጎን ጨርሰው ወደ ሌላው ሄዱ። ሐምሌ ላይ የደብረ ብርሃን ዝናብ ሲይዝ ውሃው መኝታዬ ላይ ጠብ ጠብ ይል ጀመር። ከላይ ሲሊኮን ለቀለቁልኝ፤ በሳምንቱ መልሶ አፈሰሰ። ሌላ ጋራዥ ወስጄ አስወረድኩት። በኤሲውና በጣሪያው መሃል ውሃ እንዳያስገባ የሚደረገው ስፖንጅ በአንድ በኩል ተጨፍልቋል፣ በሌላው በኩል ላሜራውን አልነካም። ጠርዙ ተፍቆ ተቀባ፣ አዲስ ስፖንጅ ገባ፣ ቡሎኖቹ በማዕዘን እየተለዋወጡ ትንሽ በትንሽ ጠበቁ። ስፖንጁ ወደ ግማሽ ውፍረቱ ሲወርድ አስቆምኳቸው። ከዚያ ወዲህ ጠብታ አላየሁም። የመጀመሪያው ጋራዥ ግን ገንዘቤን አልመለሰም።

ቅዝቃዜውስ? እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ የቆመ ጋቢና ለማብረድ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። በሩን ከፍቼ ሙቀቱን ካስወጣሁና መስታወቱን በካርቶን ከጋረድኩ ግን ቶሎ ይይዛል። ማታ በደንብ ያስተኛል። ድምፁ ለእኔ አይከብድም፤ ረዳቴ ግን መጀመሪያ ሰሞን እንቅልፍ አጥቶ ነበር።

ባትሪዎቼ 120 አምፔር ሰዓት ናቸው። ከግማሽ በታች እንዲወርዱ አልፈልግም፤ ስለዚህ በሙሉ ኃይል አንድ ሰዓት ተኩል ነው የሚቆየኝ። ጋቢናው ከበረደ በኋላ የሚስበው ስለሚቀንስ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይሄዳል። ግንቦት ላይ አጣዬ አድሬ ጠዋት መኪናው አልነሳ አለኝ፤ ተገፍቼ ነው የወጣሁት። ኤሲው የሚዘጋበት ቮልት በጣም ዝቅ ተደርጎ ተሞልቶ ነበር። 23 ላይ አደረግኩት፤ አልደገመኝም። ማጣሪያውን በየ15 ቀኑ አጥባለሁ፤ የቆላው አቧራ ቶሎ ይደፍነዋል።

እነዚህ ባትሪዎች ሲደክሙ 150 አስገባለሁ። መቀመጫውን ለክቻለሁ፣ ይበቃል።