ለአሮጌ ሲመንስ ኤስ5 መለዋወጫ፦ ካርድ ፈትኖ የሚሸጥ ቤት አገኘሁ

አዳማ አካባቢ ባለ ፓስታ ፋብሪካ፣ ጥገና ክፍል ነው የምሠራው። ማድረቂያችንን የሚያዘው ሲመንስ ኤስ5-115ዩ የሚባል ፒኤልሲ፣ ማለትም ማሽን በፕሮግራም የሚያዝ የፋብሪካ ኮምፒውተር ነው። የኤስ5 ቤተሰብ ገበያ የወጣው በፈረንጆቹ 1979 ነው፤ አምራቹ መሥራት ካቆመም ቆይቷል። በቦታው የመጣው ኤስ7-300 ራሱ ከፈረንጆቹ ጥቅምት 2023 ጀምሮ ከገበያ እየወጣ ነው። «ለምን በአዲስ አትቀይሩትም?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። እንቀይረው ይሆናል። ግን ፕሮግራሙ እንደገና ይጻፋል፣ ገመዱ ይዘረጋል፣ መስመሩም ለሳምንታት ይቆማል። እስከዚያ ያለው እንዲሠራ ካርድ ያስፈልገኛል።

ችግሩ የጀመረው በአንድ የአውትፑት ካርድ ነው፤ የፒኤልሲውን ትእዛዝ ወደ ፋኑና ወደ ሌላው ዕቃ የሚያወጣው ሰሌዳ ማለት ነው። ባለ 24 ቮልት፣ 32 መውጫ ያለው። ሁለቱ መውጫዎች አንዳንዴ ይጠፋሉ፣ የማድረቂያው ፋን ይቆማል፣ እርጥበቱ ይዛባል፣ ፓስታው ደግሞ ውጪው ከውስጡ ቀድሞ ከደረቀ ይሰነጠቃል። በአንድ ሌሊት ፈረቃ ያጣነውን ፓስታ ሳየው አንጀቴን በላው።

መጀመሪያ ከውጭ አገር ሻጭ አዘዝን። «አዲስ፣ ያልተከፈተ» ተብሎ ታሽጎ መጣ። ገብቶ አራት ሰዓት ሠራ፣ ሲሞቅ አንዱ መውጫ ጠፋ። ከፍቼ ሳየው በእጅ የተበየደ ትራንዚስተር (መውጫውን የሚያበራና የሚያጠፋው ቁራጭ) አለው። ማሸጊያው ነው አዲስ፣ ካርዱ አይደለም። «ተፈትኗል ብላችሁ አልነበር?» ብዬ ስጽፍላቸው፣ ፈተናው ኃይል ሰጥቶ አረንጓዴዎቹን መብራቶች ማየት ብቻ እንደሆነ ነገሩኝ። እኛ ካርድ ላይ ግን መብራቱ የሚያሳየው ሲፒዩው (የፒኤልሲው አዕምሮ) ትእዛዝ መስጠቱን ነው። ትራንዚስተሩ ሞቶም መብራቱ ይበራል! ስለዚህ «ተፈትኗል» ሲሏችሁ በምን ሎድ (ምን ያህል ከረንት እየሳበ)፣ ለስንት ሰዓት፣ በምን ሙቀት ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌለው አትግዙ።

ከዚያ አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ መርካቶ ፎቅ ላይ ያለች ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት ላከኝ። ባለቤቱን እዚያ የሚሠሩት ልጆች ጋሼ ነው የሚሏቸው፤ በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ዋጋ ከመናገራቸው በፊት የካርዱን ቁጥር እስከ መጨረሻዋ አሃዝ ጠየቁኝ፣ ጎኑን ፎቶ አንስቼ እንድልክም አደረጉ። የመጨረሻዎቹ አሃዞች ሲለያዩ ካርዱ ሊለያይ ይችላል፤ ግዥ ክፍላችን ይህን ባለማወቅ አንድ ጊዜ የማይገባ ካርድ አስመጥቷል።

ፈተናውን ቆሜ አየሁ። ጠረጴዛቸው ላይ ሙሉ የኤስ5 ራክ (ካርዶቹ የሚሰኩበት መደርደሪያ) አለ፣ ፓወር ሰፕላዩና ሲፒዩው ተሰክቶ። መጀመሪያ ባለ 5 ዋት የከባድ መኪና አምፑሎች በየመውጫው አገናኝተው አበሩ፤ የከባድ መኪና አምፑል 24 ቮልት ስለሆነ ለዚህ ልክ ነው። ቀጥለው አምፑሎቹን አንስተው 47 ኦም ሬዚስተር አስገቡ፣ ምክንያቱም መውጫው የሚችለው ግማሽ አምፔር ነው፣ ሬዚስተሩም ያንን ያህል ይስባል። ስምንት ስምንቱን እየለዩ ለኮሱ። ከዚያ ካርዱን ማሞቂያ ያለው ሳጥን ውስጥ አድርገው አንድ ሙሉ ቀን በ45 ዲግሪ አቆዩት። የእኛ ፒኤልሲ ያለበት የብረት ሳጥን ውስጥ በበጋ ከዚያ የሚያንስ ሙቀት የለም። የእኔ ካርድ የጠፋው በሙቀት ነበርና ይህን ሳይ ደስ አለኝ።

የፓወር ሰፕላያችንንም ወስጄ አሳየኋቸው። 5 ቮልቱ በመልቲሜትር ሲለካ ደህና ነው፤ የቮልቱን መዋዠቅ በስክሪን የሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ ላይ ሎድ ሲጨመርበት ግን ይንቀጠቀጣል። ካፓሲተሮቹ ደርቀዋል። ቀየሯቸው፣ የወጡትንም በላስቲክ አድርገው ሰጡኝ። መጋዘን ውስጥ ሳይነካ የቆየ ካፓሲተርም እንደሚደክም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ለዚህ ነው «ያልተከፈተ» የሚለው ቃል ብቻውን የማይበቃው። ባትሪውን መቀየር ያለብን ማሽኑ በርቶ እንደሆነም ደጋግመው አሳሰቡኝ። ኃይል ተቋርጦ ባትሪው ከወጣ በራም (ኃይል ሲያጣ የሚጠፋ ማስታወሻ) ላይ ያለው ፕሮግራም ይጠፋል። የእኛ ፕሮግራም በኢፕሮም (ያለ ኃይልም በማይጠፋ ማስታወሻ) ላይ ቅጂ አልነበረውም፤ አዘጋጁልን።

ዋጋው ከአውሮፓ ከመጣልን ፕሮፎርማ ከግማሽ በታች ነው። ብሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የውጭ ዕቃ በብር ሲታሰብ ምን ያህል እንደከበደ ለምታውቁ፣ ልዩነቱ ትልቅ ነው። በዚያ ላይ የስድስት ወር ዋስትና በጽሑፍ ሰጥተውናል።

ቅር ያለኝም አለ። ካርዱ 12 ቀን ፈጀ፣ ስልክ ቶሎ አያነሱም። የፈተናው ውጤት በእስክሪብቶ የተጻፈ አንድ ገጽ ነው፤ ኦዲት ያለበት ፋብሪካ ይህን ላይቀበል ይችላል። አናሎግ ካርድ (እንደ እርጥበት ያለ ልኬት የሚያነበውን) አይፈትኑም፣ ምክንያቱም በትክክል የተስተካከለ የሲግናል ምንጭ የላቸውም። ይህን ግን ሳልጠይቃቸው ነው ራሳቸው የነገሩኝ። የሌላ አምራች፣ የአለን ብራድሊ ፒኤልሲ-5 ያላችሁም አትድከሙ፣ ራኩ የላቸውም።

ካርዱ ከገባ ሰባት ወር ሆነው፣ አንድም መውጫ አልጠፋም። ለመጠባበቂያ ሁለተኛ አዝዣለሁ። የአናሎግ ካርድ በዚህ ዓይነት ጥንቃቄ የሚፈትን የምታውቁ ካላችሁ አደራ ንገሩኝ፣ የማድረቂያው እርጥበት መለኪያ የተገናኘው በእሱ ነው።