የተነጣጠለው ቴፕ እና የታሸገው ሳጥን፦ ለቤታችሁ የትኛውን ልግዛ ለምትሉ

ከኮምቦልቻ የአክስቴ ልጅ ደውሎ «ለቤት የሚሆን ጥሩ ድምፅ ምን ልግዛ?» አለኝ። በዚያው ሳምንት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህንኑ ጠየቀኝ፤ ቀጥሎ ጎረቤቴ። ለሦስቱም የነገርኋቸው አንድ ነገር ስለሆነ እዚህ ጻፍሁት።

መልሴን አልደብቅም። ያገለገለም ቢሆን እውነተኛ አምፕሊፋየር (ድምፁን አጉልቶ ወደ ስፒከር የሚልክ ማሽን) ከሁለት ስፒከር ጋር ለየብቻው ግዙ። ሆም ቴአትርም ይባል ሳውንድ ባር (ከቴሌቪዥን ሥር የሚቀመጠው ረጅም ስፒከር)፣ ሁሉንም በአንድ ካርቶን የሚሸጠውን የታሸገ ዕቃ ተዉት። ይህን የምለው ገንዘቤን ከፍዬ ስለተማርሁት ነው።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. አምስት ትንንሽ ስፒከርና አንድ የባስ ሳጥን ያለው ሆም ቴአትር በ6,800 ብር ገዛሁ። ካርቶኑ ላይ የታወቀ ስም የሚመስል ጽሑፍ ነበር፤ ቤት ገብቼ አስተውዬ ሳነበው አንድ ፊደል ተቀይሯል። «12,000 ዋት» ይላል በትልቁ። ጀርባው ላይ በተለጠፈችው ትንሽ ጽሑፍ ግን ዕቃው ከመብራት የሚወስደው 65 ዋት ብቻ መሆኑ ሰፍሯል። 65 ዋት ወስዶ 12,000 የሚያወጣ ማሽን በዓለም ላይ የለም። እኔ ጀርባውን ያነበብሁት ከከፈልሁ በኋላ ነው፤ እናንተ ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡት።

በስምንተኛው ወር ዝም አለ። ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ ለሚሠሩ አንድ አረጋዊ ጠጋኝ ወሰድሁላቸው። ከፍተው አሳዩኝ። ትንንሾቹ ስፒከሮች ፊታቸው ላይ ሁለት ሁለት ክብ አላቸው፤ የላይኛው ክብ ባዶ ፕላስቲክ ነው፣ ሽቦ እንኳ አልተቀጠለበትም። የባሱ ሳጥን ወለል ላይ ደግሞ ክብደት እንዲሰጠው ሲሚንቶ ተለስኖበታል። «ልጄ፣ ይህን ልጠግንልህ እችላለሁ፤ ግን ገንዘብህን አትጨርስበት» አሉኝ። አልሰማኋቸውም። ሁለት ጊዜ አስጠገንሁት፣ 1,900 ብር ወጣ፣ በ14ኛው ወር የውስጡ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ተቃጠለ። ለሰሌዳው ምትክ በደሴም በኮምቦልቻም አልተገኘም። በድምሩ 8,700 ብር ለ14 ወር፤ በወር 621 ብር ማለት ነው።

በታኅሣሥ 2012 ጃፓን ሠራሽ ያገለገለ ኬንውድ አምፕሊፋየር በ5,500 ብር፣ ሁለት የእንጨት ስፒከር በ4,000፣ ገመድ በ350፣ ስታቢላይዘር በ2,200 ገዛሁ። እስካሁን 1,400 ብር የጥገና ወጥቶበታል። ሁሉም ሲደመር 13,450 ብር ነው። ስድስት ዓመት ሠርቷል፤ በወር 187 ብር። ዛሬ ማታም ይሠራል።

እንዴት እዚህ እንደደረስን ባጭሩ ልናገር፤ ምርጫው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ድሮ በአንዳንድ ቤት ሳሎን ውስጥ እንደ ቁም ሳጥን የቆመ ራዲዮግራም ነበር፤ ራዲዮው፣ የሸክላ ማጫወቻውና ስፒከሩ በአንድ እንጨት ውስጥ። እ.ኤ.አ. በ1958 ገደማ ባለ ሁለት መስመር ስቴሪዮ ሸክላ ገበያ ሲገባ ያ አንድ ሣጥን ጠበበ። ቀኝና ግራው ተለይቶ እንዲሰማ ስፒከሮቹ መራራቅ ነበረባቸው። የሸክላው መርፌ የሚያወጣው ኃይል ደግሞ እጅግ ጥቂት ስለሆነ የአምፕሊፋየሩ ትራንስፎርመር ከጎኑ ሲሆን ጉምጉምታውን ያስገባበታል፤ ስለዚህ እሱም ወጣ። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 ካሴትን ሲያመጣ ለካሴቱ ሌላ ዴክ (ማጫወቻ) ተሠራለት፤ በ1982 ሲዲ ሲመጣም እንዲሁ። እያንዳንዱ ክፍል አንድ ሥራ ብቻ ይዞ በረቀቀ ቁጥር ዕቃው ተለያየ፤ የሚያገናኛቸው ገመድ ግን አንድ ዓይነት ሆኖ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠራ አምፕሊፋየር ጀርባ ላይ ያለው ቀይና ነጭ ቀዳዳ የዛሬ ስልኬን ያለ ችግር ይቀበላል።

ሁለተኛው ዘመን ሌላ ነው። ዲቪዲ መጣና ለፊልም የሚሆን አምስት ስፒከርና የባስ ሳጥን ተሠራ። ቴሌቪዥኑ ሲሳሳ ስፒከሩም አብሮት ሳሳና ሳውንድ ባር ተወለደ። ለስልክ ብሉቱዝ ስፒከር፣ ለድግስ መብራት የሚያብለጨልጭ ጎማ ያለው ሣጥን። እዚህ የተለያየው አገልግሎቱ እንጂ ክፍሉ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ አገልግሎት አንድ አንድ የታሸገ ዕቃ ወጣ። የሳውንድ ባሩ ገመድ አልባ ባስ አብዛኛውን ጊዜ ከራሱ ባር በቀር ከሌላ ጋር አይገናኝም። አንዱ ሲሞት ሌላውም አብሮት ከንቱ ይሆናል።

ከዋጋውና ከጥገናው ቀጥሎ የሚያሳስበኝ የምንሰማው ነገር ነው። አምባሰልና ባቲ ስማቸውን የወሰዱት ከዚህ ከእኛው ምድር ከወሎ ነው፤ የትዝታና የአንቺ ሆዬ ዜማም የሰፈራችን ነው። የዚህ ሁሉ ነፍስ ያለው በመካከለኛው ድምፅ ላይ ነው፤ ማሲንቆው፣ ክራሩና የዘፋኙ ጉሮሮ እዚያ ናቸው። የሆም ቴአትሩ ትንንሽ ስፒከሮች የወንድን ድምፅ የታችኛውን ግማሽ ማውጣት አይችሉም፤ ያንን ለባሱ ሳጥን ይተዉለታል። እናም ከንፈሩ ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ ደረቱ ከሶፋው ሥር የሚዘፍን ሰው ትሰማላችሁ። መንዙማ ስትከፍቱ ድቤው የተቀባዮቹን ድምፅ ይውጠዋል። በሁለት የእንጨት ስፒከር ግን አውራጁና ተቀባዩ ተለይተው ይሰማሉ። እናቴ ኬንውዱን መጀመሪያ የሰማች ቀን «ማሲንቆው ከየት ነው የሚመጣው?» ብላ ወደ በሩ ዞራ ነበር።

ያገለገለ ዕቃ ይበላሻል። ነገር ግን ይጠገናል። የእኔ አምፕሊፋየር በሦስተኛው ዓመት አንድ ጎኑ ጠፋ፤ የተቃጠሉት ሲ5200 እና ኤ1943 የሚባሉት ትራንዚስተሮች ነበሩ። አዲስ ተብለው የተገዙት በአራት ቀን ተቃጠሉ፤ አስመስለው የተሠሩ ነበሩ። ጠጋኙ ቀጥለው ከሞተ ማሽን የነቀሏቸውን አስገቡልኝና እስከ ዛሬ አሉ። ስለዚህ ጠጋኝ «አዲስ ላስገባልህ ወይስ የተነቀለ?» ካላችሁ፣ የተነቀለውን በሉ። የስፒከሩ ዙሪያ ያለው ስፖንጅም ከዓመታት በኋላ ይፈርፈራል፤ ለሁለቱ 800 ብር ከፍዬ ተቀይሯል፤ ትራንዚስተሩ 600 ነበር። ገመድ ስትገዙ ጫፉን በቢላዋ ፋቁት፤ ከቀዩ ሥር ነጭ ከወጣ አሉሚኒየም እንጂ መዳብ አይደለም።

አንድ አደጋ ግን አለ፤ ጓደኛዬን አክስሯል። ለጃፓን አገር የተሠራ ማሽን ጀርባው ላይ 100 ቮልት ይላል፤ የእኛ መብራት 220 ነው። ጓደኛዬ በ7,000 ብር ገዝቶ በቀጥታ ሰካው፤ ትራንስፎርመሩ በአንድ ደቂቃ ጨሰ። ቁጥሩን እዩ፤ 100 ወይም 120 ከሆነ የቮልት መቀነሻ ዋጋውን ጨምራችሁ አስቡ፤ ያን መጨመር ካልቻላችሁ አትግዙ። ስታቢላይዘር ግን የትኛውንም ብትገዙ ያስፈልጋል፤ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚገድለው ብዙ ነው።

ከአክስቴ ልጅ ጋር ዞረን ስንጠይቅ ዋጋው ይህን ይመስል ነበር። አዲስ ሳውንድ ባር ከነባሱ 24,000 ብር፤ አዲስ ሆም ቴአትር 19,500፤ መካከለኛ ብሉቱዝ ስፒከር 9,800። ያገለገለ አምፕሊፋየር 14,000 ተባልን፣ ተከራክረን 12,500 ወረደ፤ ጥንድ ስፒከር 8,500፤ አሥር ሜትር የመዳብ ገመድ 1,100። ድምሩ 22,100። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አዲሱ ዕቃ ያለ ልክ ዘሏል፤ ያገለገለውም ጨምሯል፣ ግን በአዲሱ ልክ አይደለም። በአዲስ ዕቃ ላይ መከራከር ከባድ ነው፤ ባገለገለ ላይ 1,500 ብር ያስወረደን የቮልዩሙ ማዞሪያ ሲዞር መንኮሻኮሹ ብቻ ነበር።

ቤታችሁ ዜናና ተከታታይ ድራማ ብቻ የሚታይበት፣ የኪራይም ጠባብ ክፍል ከሆነ ሳውንድ ባሩን አልከለክልም፤ ንግግርን አጥርቶ ያሰማል። ብሉቱዙም መብራት በጠፋ ቀን ይጠቅማል። መብራት ለሌለበት ገጠር ግን ከሁለቱም የሚሻል አለ፤ በ12 ቮልት የሚሠራ ትንሽ አምፕሊፋየር ከመኪና ባትሪና ከሶላር ጋር፣ ስፒከሩ ያው የእንጨቱ። ለሠርግ ብላችሁ ትልቅ ሣጥን ልትገዙ ያሰባችሁ ደግሞ ለአንድ ቀን ተከራዩ። 

ስፒከር ልትገዙ ስትሄዱ አንድ የግድግዳ ሰዓት ባትሪ በኪሳችሁ ያዙ። ሁለቱን የስፒከር ሽቦ በባትሪው ጫፎች ለቅጽበት ንኩ፤ ሸራው (የስፒከሩ ፊት) ጠቅ ብሎ ከተንቀሳቀሰ ኮይሉ (የውስጡ ጥቅል ሽቦ) በሕይወት አለ። ቀጥሎ በሁለት እጅ ጣቶች ሸራውን ዙሪያውን እኩል በቀስታ ወደ ውስጥ ግፉት። ዝም ብሎ ገብቶ ከተመለሰ ክፈሉ። እንደ አሸዋ የሚፋቅ ድምፅ ካሰማ ሻጩ ምንም ቢምል መልሱለትና ውጡ።