አውቶማቲክ ወይስ ማኑዋል? ነጭ ነጠላ በሚለበስበት አገር ካሜራ ለሚገዙ

የጥምቀት ዕለት ነው። ነጠላዋን መስቀለኛ ያጣፋች ሴት በረፋድ ፀሐይ ቆማለች፤ ካሜራው በአውቶማቲክ፣ ማለትም ሁሉን ራሱ በሚወስንበት አሠራር፣ ላይ ነው። ፎቶው ሲወጣ ነጠላው አመድማ፣ ፊቷም ከመልኳ የጠቆረ ሆኖ ይገኛል። በባሕር ዳርም ሆነ በደብረ ማርቆስ ይህ ያልገጠመው ፎቶ አንሺ አላውቅም። ብዙ ሰው ጥፋቱን በካሜራው ርካሽነት ያሳብብና ሜጋፒክሰሉ (የምስሉ ነጥቦች ብዛት) ከፍ ያለ ሌላ ለመግዛት ገንዘብ ያጠራቅማል። አዲሱም ካሜራ በአውቶማቲክ እስከተተወ ድረስ ያንኑ ይደግመዋል።

በካሜራው ውስጥ ያለው የብርሃን መለኪያ ፊት ለፊቱ ያለው ነገር ነጭ ይሁን ጥቁር አያውቅም። የሚሠራው፣ ያየው ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው በሚል ግምት ነው፤ በተለምዶ ከወደቀበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን የሚመልስ ግራጫ። ነጭ የጥጥ ልብስ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይመልሳል። ስለዚህ ካሜራው በነጭ ሲከበብ ብርሃን የበዛ ይመስለውና ይቀንሳል፤ ነጠላው ወደ ግራጫ ሲወርድ ፊትም አብሮ ይወርዳል። የዩኒቨርሲቲ ምርቃት ቀን ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። ጥቁር ጋዋን ምስሉን ሲሞላው ካሜራው ብርሃን ይጨምራል፤ ጋዋኑ የታጠበ ጥቁር ይመስላል፤ የተመራቂው ፊት ወዘናው ይጠፋል። የቅርብ ጊዜ ካሜራዎች ፊትን ለይተው ስለሚለኩ ስሕተቱ ቀንሷል። ነገር ግን በመቶ የሚቆጠር ሰው ነጭ ለብሶ ሲቆም፣ ፊት ሁሉ ትንሽ፣ ልብስ ሁሉ ሰፊ በሆነበት ቦታ፣ ዛሬም ሲሳሳቱ አያለሁ።

እንግዲህ ጎጃም ውስጥ ካሜራ ለሚገዛ ሰው በአውቶማቲክና ቁጥሩን ሰው ራሱ በሚወስንበት በማኑዋል መካከል ያለው ልዩነት የባለሙያ ቅንጦት አይደለም። ሰው በራሱ መልክ መታየቱ የሚወሰነው በዚህ ነው።

አሠራር የሚመረጥበት መዘውር ላይ ያሉት ፊደላት

ማንኛውም ፎቶ በሦስት ነገሮች ይወሰናል። አንደኛው የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ነው፤ በኤፍ ቁጥር ይጻፋል፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ሁለተኛው ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ የሚወስነው ሸተር ነው። ሦስተኛው አይኤስኦ፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት፣ ሲሆን ከፍ ሲል በጨለማ ለማንሳት ያስችላል፤ ፎቶው ግን ይሻክራል። በሙሉ አውቶማቲክ ሦስቱንም ካሜራው ይወስናል፤ ፍላሹን መቼ እንደሚያበራና ነጭ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲወጣ የሚያደርገውን የቀለም ሚዛንም ጭምር። በኤም፣ ማለትም በማኑዋል፣ ቀዳዳውንና ሸተሩን ከነቁጥራቸው እርስዎ ይይዛሉ።

በመካከል ሦስት ፊደላት አሉ፤ ብዙ ገዢ ሳያያቸው ያልፋል። በኤ ቀዳዳውን እርስዎ ይመርጣሉ፣ ሸተሩን ካሜራው ያሟላል። በኤስ ሸተሩን እርስዎ፣ ቀዳዳውን ካሜራው። ካኖን እነዚህኑ ኤቪ እና ቲቪ ይላቸዋል። ፒ ሁለቱንም ለካሜራው ትቶ አይኤስኦውንና ፍላሹን ለእርስዎ ይሰጣል። በሦስቱም ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት የብርሃን ማስተካከያ ቁልፍ ይሠራል። አንድ መደመር ማለት ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው። ለዚያች ነጠላ ለለበሰች ሴት ከአንድ መደመር እስከ አንድ ተኩል ቢጨመርላት ነጠላዋ ነጭ፣ ፊቷ የራሷ ፊት ይሆናል። ለጋዋን ለባሹ ደግሞ ከግማሽ እስከ አንድ ይቀነስለታል። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚወስድ አንባቢ ካለ ይህችን ቁልፍ ይውሰድ።

ሰርግ

የማኑዋል ጥቅም ከሁሉ በላይ የሚገለጠው ሰርግ ላይ ነው። ሙሽራዋ ነጭ፣ ሙሽራው ጥቁር ሱፍ ለብሰዋል። አውቶማቲክ ካሜራ ወደ እርሷ ሲዞር ብርሃን ይቀንሳል፤ ወደ እርሱ ሲዞር ይጨምራል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ሲያይ ሌላ ሦስተኛ ውሳኔ ይሰጣል። አልበሙ ሲገለጥ ያው ፊት በአንዱ ገጽ ጠይም፣ በሚቀጥለው ቀይ ሆኖ ይገኛል። የዳሱ ብርሃን ግን ከምሳ እስከ ቡና ሰዓት ያን ያህል አልተለወጠም። የተለወጠው የልብሱ ቀለም ብቻ ነው።

በማኑዋል አንድ ጊዜ ፊት ላይ አስተካክላለሁ፤ ለምሳሌ ቀን በድንኳን ውስጥ አይኤስኦ 800፣ ኤፍ 4፣ የሰከንድ 1/160ኛ። ከዚያ በኋላ ነጭ ለባሽም ይምጣ ጥቁር ለባሽ፣ ካህን ይግባ ሚዜ፣ ቁጥሩ አይነቃነቅም። ብርሃኑ እስካልተለወጠ ድረስ ሁሉም ሰው በራሱ መልክ ይወጣል። ቤት ገብቶ ፎቶ ማስተካከልም ይቀላል፤ አንዱ ላይ የሠሩትን ለመቶው ማዳረስ ይቻላልና።

ስለ ዳስ ካነሳሁ የቀለሙን ጉዳይ ማለፍ አልችልም። በምሥራቅ ጎጃም ገጠር መጀመሪያ ያነሳሁት ሰርግ በሰማያዊ ሸራ ሥር ነበር። ካሜራውን በሙሉ አውቶማቲክ ላይ አድርጌ ቀኑን ሙሉ አነሳሁ። ሸራው ብርሃኑን ሰማያዊ አድርጎት ነበር፤ ካሜራው የቀለሙን ሚዛን በየፎቶው በራሱ ግምት ሲቀያይር ውሎ አንዱን ሰማያዊ፣ አንዱን ሐምራዊ፣ አንዱን ቢጫ አደረገው። ፎቶዎቹን በጄፔግ፣ ካሜራው ራሱ አስተካክሎና ጨምቆ በሚያስቀምጠው ዓይነት፣ ብቻ ስላስቀመጥሁ ብዙዎቹን መመለስ አልተቻለም። የሙሽራዋ እናት አልበሙን ገልጠው ምንም ሳይናገሩ የዘጉበት ሁኔታ አሁንም ይከነክነኛል። ያ ቀን ለእርሳቸው አይደገምም። ከዚያ ወዲህ ሸራ ሥር ስገባ ነጭ ወረቀት አንስቼ የቀለሙን ሚዛን በእጄ እሰጠዋለሁ፤ ፎቶውንም በሮው አስቀምጣለሁ። ሮው ሴንሰሩ (የካሜራው ብርሃን ተቀባይ) የያዘውን መረጃ ሳይቆርጥ ስለሚያስቀምጥ የቀለም ሚዛን በኋላ ቢቀየር ጥራቱ አይጎዳም። ስለዚህ ሥራዬ ብለው ሰርግ ሊያነሱ ካሰቡ ሮው የማያስቀምጥ ካሜራ አይግዙ። በሰፊው ቦታ ስለሚይዝ ግን የሜሞሪ ካርዱንም ዋጋ አብረው ያስሉ።

ፈረስ፣ ፏፏቴና የዘጌ ሥዕል

ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ሲጋልቡ፣ አውቶማቲክ ፈረሱ የሚጋልብ ይሁን የቆመ ላይለይ ይችላል። በፀሐይ 1/400ኛ ሊመርጥ ይችላል፤ የፈረሱ አካል ጥርት ብሎ ኮቴው ይደበዝዛል። እዚህ ሙሉ ማኑዋልም አያስፈልግም። ኤስ ላይ አድርገው 1/1000ኛ ይስጡት፤ አይኤስኦውን ለካሜራው ይተዉት።

ጢስ ዓባይ ላይ ልዩነቱ የምርጫ ጉዳይ ነው። አውቶማቲክ የሚወረወረውን ውኃ ነጠብጣብ አድርጎ ያቆመዋል፤ በማኑዋል ግማሽ ሰከንድ ያህል ሸተሩን ከፍተው ቢያነሱ ውኃው እንደ ተባዘተ ጥጥ ይሆናል። በቀትር ግን ይህ ሌንሱ ፊት ከሚገጠም ብርሃን ቀናሽ ጥቁር ማጣሪያ ውጪ አይሆንም። በጠራ ፀሐይ በአይኤስኦ 100 እና በኤፍ 16 ትክክለኛው ሸተር 1/100ኛ አካባቢ ነው፤ ወደ ግማሽ ሰከንድ ለመድረስ ብርሃኑን 64 ጊዜ የሚቀንስ ማጣሪያና የማይነቃነቅ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ያስፈልጋል። ውኃው በክረምት መውጫ ሲሞላ ፍንጥቅጣቂው ሩቅ ስለሚደርስ ሌንስ መጥረጊያ ጨርቅ አይርሱ።

በዘጌ ገዳማት፣ ለምሳሌ በኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ መቅደሱን የከበቡት ሥዕሎች ያሉት በደብዛዛ ብርሃን ውስጥ ነው። ሙሉ አውቶማቲክ ጨለማ ሲያይ ፍላሹን ያስነሳል። ያን ያህል ዘመን በተጠበቀ ሥዕልና በሚጸልይ ሰው ፊት ፍላሽ ማብራት ነውር ነው። ፍላሹ የሚጠፋበትን መንገድ ሳያውቁ ወደዚያ አይሂዱ። መነሳት ከተፈቀደ፣ ኤፍ 1.8፣ 1/60ኛ፣ አይኤስኦ 1600 ጥሩ መነሻ ነው።

አውቶማቲክ የሚበልጥበት

ለማኑዋል ያለኝ ፍቅር ይህን እንዳልናገር አያደርገኝም፤ ብርሃን በፍጥነት በሚለዋወጥበት ቦታ ማኑዋል ይበልጣል ማለት ስሕተት ነው። ታቦቱ ከዛፍ ጥላ ወደ ሜዳ ሲወጣ በጥቂት እርምጃ ውስጥ ብርሃኑ ከስምንት እጥፍ በላይ ሊጨምር ይችላል። ቁጥር እያስተካከሉ ሳለ ታቦቱ ያልፋል፤ ተመለስ አይባልም። በዚህ ጊዜ እኔ ኤ ላይ ሆኜ፣ ለነጩ ልብስ አንድ መደመር ሰጥቼ እከተላለሁ። ልጅ ሲድህ፣ አያት ሳታስበው ስትስቅ፣ እንግዳ በር ላይ ሲደርስም እንዲሁ ነው። ትንሽ የጠቆረ ፎቶ ካልተነሳ ፎቶ ይሻላል። ካሜራውን ለማያውቅ ሰው «እስኪ እኛን አንሳን» ብለው ሲሰጡትም ሙሉ አውቶማቲክ ላይ አድርገው ይስጡት።

ታዲያ የትኛውን ልግዛ?

ቤተሰብን ብቻ ለማንሳት ከሆነና ቁጥር መማር ካልፈለጉ፣ እንደ ካኖን ኢክሰስ ያሉ ኪስ ውስጥ የሚገቡ፣ ኤም የሌላቸው ካሜራዎች አሉ። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ስልክ ያለው ሰው ለእነርሱ ገንዘብ ባያወጣ ይሻለዋል። ብዙ ስልኮች ፕሮ የሚባል አሠራር አላቸው፤ ቀዳዳቸው በአብዛኛው የማይለወጥ ቢሆንም ሸተርና አይኤስኦን እዚያ ላይ መለማመድ ይቻላል።

ለመማር ለሚፈልግ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጡት ኒኮን ዲ3500 እና ካኖን 2000ዲ ሁሉም ፊደላት አሏቸው፤ ሁለቱም ወደ 24 ሜጋፒክሰል ናቸው፤ ያገለገሉም ይገኛሉ። በዚያው ዓመት የወጣው ካኖን 4000ዲ 18 ሜጋፒክሰል ነው፤ ሌንስ የሚገጠምበት ቀለበትም ፕላስቲክ ነው። የዋጋው ልዩነት ትንሽ ከሆነ 2000ዲን ይምረጡ።

ሻጭ የማይነግርዎት ነገር ግን በጣት የሚዞሩት ጎማዎች ብዛት ነው። ዲ3500 እና 2000ዲ ቁጥር የሚቀየርበት አንድ ጎማ ብቻ ነው ያላቸው። በማኑዋል ሸተሩን በጎማው ይቀይራሉ፤ ቀዳዳውን ለመቀየር ግን አንድ ቁልፍ ተጭነው ይዘው ያንኑ ጎማ ማዞር አለብዎት። እንደ ኒኮን ዲ7200 እና ካኖን 80ዲ ያሉት ሁለት ጎማ አላቸው፤ አንዱ ለሸተር፣ አንዱ ለቀዳዳ። ሰርግ ውስጥ በማኑዋል ለሚውል ሰው ይህ ከሜጋፒክሰል ይበልጣል። ማኑዋልን ከዜሮ ለሚጀምር ደግሞ እንደ ሶኒ ኤ6000 ያለ ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው) ካሜራ የተሻለ አስተማሪ ነው፤ ቁጥሩን ሲቀይሩ ምስሉ ሲጨልምና ሲነጣ ገና ሳይነሳ በመመልከቻው ውስጥ ይታያል።

ገንዘቡ ለሁሉም ካልደረሰ የካሜራውን አካል በዋጋ ዝቅ፣ ሌንሱን ከፍ ያድርጉ። ከካሜራው ጋር የሚመጣው ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር ሌንስ ሲያቀርቡ ቀዳዳው ኤፍ 5.6 ላይ ይወሰናል። ባለ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ከዚያ ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል፤ ጎጆ ቤት ውስጥ በአንድ መስኮት ብርሃን ፊት ማንሳት የሚቻለው በእርሱ ነው። ለዲ3500 ሲገዙ በውስጡ ሞተር ያለውን ዓይነት ይጠይቁ፤ የድሮዎቹ የኒኮን ሌንሶች በዚህ ካሜራ ላይ በራሳቸው አያተኩሩም።

ያገለገለ ካሜራ ከሆነ መዘውሩን ኤም ላይ አድርገው፣ በፀሐይ 1/4000ኛ ላይ አንድ ሰማይ ያንሱ። በፎቶው አንድ ጎን ጥቁር ጥላ ከተኛ ሸተሩ ታሟል። ወደ ሱቅ ሲሄዱም ነጭ ነጠላ ይዘው ይሂዱ፤ አብሮዎት የሄደውን ሰው አልብሰው በር ላይ ያቁሙት። በአውቶማቲክ አንድ፣ ቀጥሎም በኤ አንድ መደመር ሰጥተው አንድ ያንሱ፤ ሁለቱን በስክሪኑ ላይ ጎን ለጎን ይዩ። የመደመሯን ቁልፍ ዓይንዎን ከመመልከቻው ሳያነሱ በጣትዎ ካገኟት ካሜራው ለእርስዎ ነው፤ በዝርዝር ውስጥ ገብተው መፈለግ ካስፈለገዎት ግን ሌላውን እንዲያሳይዎት ይጠይቁ።